ኦይል ሲል ሁለቴ ተቀይሮላት አሁንም ዘይት ለምታፈሰው ሃይሉክስ

ጥያቄው ከደቡብ ኦሞ ነው። «ጋሼ፣ መኪናዬ 1996 እ.ኤ.አ. ሥሪት ሃይሉክስ ኤል ኤን 106 ናት። ከጂንካ በቀይ አፈርና በዲመካ አድርጌ እስከ ቱርሚ ዕቃ እጭንባታለሁ። የኋላ ግራ ጎማዋ በውስጥ በኩል ዘይት ያፈስሳል። በአራት ወር ውስጥ ኦይል ሲሉን ሁለቴ አስቀየርኩ፣ ሁለቴም ተመልሶ አፈሰሰ። አሁን ደግሞ የኋላ ዲፈረንሻሉ አፍንጫ (ረጅሙ ዘንግ የሚገጥምበት) ረጥቧል፣ መሪ ስጠመዝዝ ጎማው የሚታጠፍበት የፊት ግራ ኳስ ጥቁር ነገር ያንጠባጥባል፣ ሳቆማትም ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት ሥር ጠብታ ትተዋለች። መካኒኬ ሁሉንም ኦይል ሲል ባንዴ እንቀይር ይለኛል። ልቀይር?»

ወንድሜ፣ ገና አትቀይር። መካኒክህ ክፉ አልመከረህም፣ መኪናዋም አርጅታለች። ግን አንድ ኦይል ሲል በአራት ወር ሁለቴ ከተበላ፣ የሚበላው ነገር እዚያው ተቀምጧል ማለት ነው፤ ሦስተኛውንም ይበላዋል። ኦይል ሲል ዘይቱን የሚይዘው በቀጭን የጎማ ከንፈር ነው። ያ ከንፈር የሚሸነፈው ከውስጥ ግፊት ሲመጣበት፣ የሚያቅፈው ብረት ሲቦረቦር፣ ዘንጉ ሲወዛወዝ ወይም ዘይቱ ከልክ በላይ ሲሞላ ነው። ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ብር አታውጣ።

እኔ የምጀምረው ከመተንፈሻው ነው። የኋላው አክስል ቱቦ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ አውራ ጣት የማትሞላ ክዳን ያላት ትንሽ ብረት አለች። ጭቃ ስለሚሸፍናት ብዙ ሰው መኖሯን አያውቅም። ዲፈረንሻሉ ሲሠራ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው አየር ይነፋል፣ በዚያች ክዳን ይወጣል። ከተደፈነች አየሩ መውጫ ስለሚያጣ ዘይቱን በደከመው ከንፈር በኩል ይገፋዋል። ያንተ መኪና የጎማውም የአፍንጫውም ኦይል ሲል በአንድ ሰሞን ማፍሰሱ ጥርጣሬዬን ወደዚህ ወስዶታል።

አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ሦስቴ ኦይል ሲል የተቀየረላት ሃይሉክስ መጣችልኝ። ባለቤቱ ከረጅም መንገድ ገና መድረሱ ነበር። ከሥሯ ገብቼ የመተንፈሻዋን ብረት በቁልፍ ትንሽ ሳላላው «ፍስስስ» ብሎ ነፋስ ወጣ፣ ትኩስ የዘይት ሽታ ፊቴን መታኝ። ክዳኑ ውስጥ የነበረው ጭቃ እንደ ሸክላ ደርቆ በካቻቢቴ ጫፍ ፈልፍዬ ነው ያወጣሁት። አንተም እንዲሁ ሞክር፤ ጓንት አድርግ፣ ፊትህን አርቅ። አውጥተህ በናፍጣ እጠባት፣ ክዳኗ በጣት ስትነካት መንቀሳቀስ አለባት፣ በአፍህ ስትነፋባትም አየር ያለ ችግር ማለፍ አለበት። ካልሆነ አዲስ ግዛ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ መኪናህን ወንዝ ውስጥ አስገብተህ ታጥባለህ? ብዙ ሹፌር ያደርገዋል። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ባገኘው ቀዳዳ ውኃ ይስባል። ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ካገኘኸው ይኼ ደርሶበታል፤ አንድ ቀን ሳታሳድር አፍስሰህ ቀይረው፣ ውኃ ኩሽኔታውን ያዝገዋል። በዝናብ ወራት ወንዝ መሻገርህ ስለማይቀር፣ በመተንፈሻዋ ቦታ ቱቦ የሚቀበል አፍ አስገጥምና የነዳጅ ቱቦ እየመራህ ከውኃው በላይ፣ የጭነቱ ሳጥን ሥር ድረስ አውጣው። ቱቦው ጎማው ወደ ላይ ሲዘል እንዳይወጠር ትንሽ ላላ አድርገው። በኔ እይታ ለዚያ መንገድ በጥቂት ብር ከዚህ የሚበልጥ ሥራ የለም።

መተንፈሻውን ሳትጨርስ ሌላውን አትንካ። ከዚያ ደረጃውን እይ። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁምና የመሙያውን ቡሎን ፍታ፤ ዘይቱ ከቀዳዳው የታች ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለበት። ሲፈታ የሚፈስስ ከሆነ ከልክ በላይ ሞልቷል፣ እስኪቆም ተወው። ስትቀይር ሁልጊዜ መጀመሪያ የመሙያውን ፍታ፣ ከዚያ የማፍሰሻውን። የመሙያው ዝጎ እምቢ ቢልህና ዘይቱን አስቀድመህ ካፈሰስከው መኪናህ እዚያው ትቀራለች።

አሁን ወደ ጎማው። የሚወጣው ነገር የዲፈረንሻል ዘይት መሆኑን አረጋግጥ፣ የፍሬን ሲሊንደርም እዚያው ያፈስሳል። በትንሽ ብርጭቆ ውኃ ላይ አንድ ጠብታ ጣል። የዲፈረንሻል ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል፣ የፍሬን ዘይት ከውኃው ጋር ይቀላቀላል። ሽታውም ይለያል፤ የዲፈረንሻሉ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ የድኝ ሽታ አለው።

ዘይቱ የዲፈረንሻል ከሆነ ጎማውን በክሪክ አንሣ፣ ላይና ታቹን ይዘህ ወዘውዘው። ቃጭ ቃጭ ካለ ኩሽኔታው አልቋል፤ ዘንጉ እየዞረ ስለሚዘል ማንኛውም ኦይል ሲል ሳምንት አይቆይም። ካልተነቃነቀ አክስሉን አስወጣና ከንፈሩ የሚያርፍበትን ቀለበት በጥፍርህ ዳስሰው። ጥፍርህ የሚያዝበት ጎድጓዳ መስመር ካለ ከንፈሩ በዚያ ጉድጓድ ላይ እየተንሳፈፈ ዘይት ያሳልፋል። ቀለበቱን መቀየር ትክክለኛው ነው፤ ካልተገኘ አዲሱን ኦይል ሲል 2 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ አስቀርቶ ማስገባት ከንፈሩን ወዳልተበላ ብረት ያሸጋግረዋል። ሲገባ ከንፈሩ ግራሶ ይቀባ፣ በእኩል የሚያርፍ ቱቦ ተይዞ በቀስታ ይመታ። ዳር ዳሩን በመዶሻ የተመታ ኦይል ሲል ገና ሲገባ ይጣመማል፤ ሁለቴ የከሸፈብህ ምናልባት በዚህም ሊሆን ይችላል።

የፍሬን ሸራው ዘይት ጠጥቶ ከሆነ ቀይረው። በቤንዚን ታጥቦ ደህና ይመስላል፤ ሲግል ግን የጠጣውን ያወጣና ፍሬን ስትይዝ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች። ጭነት ይዘህ ቁልቁለት የምትወርድ ሰው ነህና በዚህ ላይ አልለምንህም፣ አዝዝሃለሁ።

የዲፈረንሻሉ አፍንጫ መተንፈሻው ተከፍቶ ለሁለት ሳምንት ከሠራችና ከተጠረገች በኋላም ከረጠበ ያኔ ይቀየር። ረጅሙ ዘንግ ከመፈታቱ በፊት ክሮቸራውን (የዘንጉን መስቀለኛ መጋጠሚያ) ፈትሽ፣ አፍንጫውንም ይዘህ ላይ ታች ነቅንቅ፤ ከተነቃነቀ የውስጡ ኩሽኔታ ችግር አለበት። ካልተነቃነቀ መካኒክህ የአፍንጫውን ትልቅ ዳዶ ሳይፈታ ዳዶውን፣ ዘንጉንና ፍላንጁን በፑንታ ምልክት ያድርግባቸው፣ የወጣውንም ጥርስ ይቁጠር። ከውስጥ የኩሽኔታውን ጥብቀት የሚወስነው በብዙዎቹ የሃይሉክስ ዲፈረንሻሎች የሚጨመቅ ቱቦ ነው፤ ዳዶውን «ይጥበቅ» ብሎ በረጅም ቧንቧ የሳበ ኩሽኔታውን ያቃጥላል። ወደ ምልክቱ ይመለስ፣ ከዚያ በጥቂቱ ብቻ ይለፍ።

የፊቱ ኳስ ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ ውስጥ መኖር ያለበት ወፍራም ግራሶ ነው፤ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ካለ የዲፈረንሻሉ ዘይት የውስጡን ኦይል ሲል አልፎ ግራሶውን አቅጥኖታል ማለት ነው። በኳሱ ላይ ያለውን ላስቲክና ጨርቅ ብቻ መቀየር ሾርባውን በክዳን እንደመሸፈን ነው። ኳሱ ይፈታ፣ የውስጡ ኦይል ሲል ይቀየር፣ የላይና የታች ኩሽኔታዎች ይታዩ፣ አሮጌው ግራሶ ሙሉ በሙሉ ይታጠብና ሞሊብዴነም ያለበት ግራሶ ይሞላ። የፊቱም ዲፈረንሻል የራሱ መተንፈሻ ስላለው እሱንም ክፈት። በኳሱ ዙሪያ ስስ የግራሶ ቀለበት መታየቱ ግን ጤና ነው፣ አትደንግጥ።

የሞተርና የካምቢዮው መገናኛ ላይ ደግሞ ካምቢዮ ለማውረድ አትቸኩል። ነጭ ወረቀት ከሥሩ አስቀምጥና ጠብታውን እይ። ጥቁርና ቀጠን ያለ ከሆነ የሞተር ነው፣ ወርቃማና የድኝ ሽታ ያለው ከሆነ የካምቢዮ ነው። የሞተር ከሆነ መጀመሪያ እጅህን ከሞተሩ ጀርባ ከቫልቭ ክዳኑ ሥር አስገባና ዳስስ። ያ ጓርኒሲዮን ሲደክም ዘይቱ በጀርባ በኩል ወርዶ እታች ይንጠባጠባል፣ ሰውም የኋላው ትልቁ ኦይል ሲል መስሎት ካምቢዮ ያወርዳል። የካምቢዮ ዘይት ከሆነ የካምቢዮውንም፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለውን የትራንስፈሩንም ደረጃ አብረህ ተመልከት። አንዱ ጎድሎ ሌላው ከሞላ በመካከላቸው ያለው ኦይል ሲል ዘይቱን እያሻገረ ነው፤ ሲፈታ አብሮ ይቀየር።

ከመጀመርህ በፊት ሥሯን ሁሉ አሳጥብና አድርቃት፣ የሕፃን ፓውደር በትንባት፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ንዳና ተመለስ። ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ ከፍ ካለውና ወደ ፊት ካለው እርጥብ ቦታ ጀምረህ ተከተል። በፓውደሩ ላይ መስመር ሠርቶ የመጣበትን ራሱ ያሳይሃል፤ ምንጩንም ፎቶ አንሥተህ ለመካኒክህ አሳየው።