ኔብራስካ ላረሱ አይሪሽ ቅድመ አያት ፍለጋ ከየት ይጀመር?

እህቴ፣ የባለቤትሽ ቅድመ አያት ከአየርላንድ መጥተው ኔብራስካ ማረሳቸውን እንጂ መንደራቸውን የሚያውቅ ዘመድ እንደሌለ፣ የአየርላንድ መዝገብ ውስጥ ስትገቢም ሞክሼው በዝቶ ግራ እንደገባሽ ጽፈሻል። የእኔም ባለቤት ትውልዷ ከዚያው ነው፤ ለልጆቻችን ብዬ ስፈልግ ያየሁትን ልንገርሽ።

ለጊዜው አየርላንድን ተዪው። መንደሩን ሳታውቂ እዚያ ብዙ አትራመጂም። በ1922 የእርስ በርስ ጦርነት የደብሊኑ መዛግብት ቤት ሲቃጠል ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ ከ1861 እስከ 1891 ያሉትን ደግሞ መንግሥት ራሱ አስወግዷቸዋል። በሙሉ የተረፉት የ1901 እና የ1911 ናቸው፤ ያኔ የእናንተ ሰው ኔብራስካ ነበሩ። የመንደሩ ስም መገኘት ያለበት እዚሁ አሜሪካ ነው።

መሬቱን ያዢ። የ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ 160 ኤከር ይሰጥ የነበረው አምስት ዓመት ኖሮበት ላረሰ ሰው ነው። የውጭ አገር ሰው ከሆነ ዜግነቱንም ማሳየት ስለነበረበት የዜግነት ወረቀቱ ብዙ ጊዜ የመሬት ጥያቄው ማኅደር ውስጥ አለ። የባለቤትነት ሰነዱን የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኚዋለሽ፤ እሱን ብቻ ይዘሽ ግን እንዳትቀሪ። እላዩ ላይ ባለው ቁጥር ሙሉ ማኅደሩን ከናሽናል አርካይቭስ፣ ማለትም ከአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ጠይቂ። መሬቱን ከባቡር ኩባንያ ገዝተው ከሆነ ይህ ማኅደር የለም፤ ውሉን ካውንቲው ጽሕፈት ቤት ፈልጊ።

የእኛ ማኅደር ሲደርሰን ከነሣሩ ተቆርጦ በተደረደረ አፈር የሠሩት ቤት፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ ያረሱት ኤከር፣ የዘሩት በቆሎ አንድ በአንድ ተጽፏል። እኔን የያዘኝ ግን የምስክሮቹ ስም ነው፤ መኖሩንና ማረሱን ጎረቤት መመስከር ነበረበትና። አንደኛው ምስክር በ1900 ቆጠራ እዚያው ገጽ ላይ አሉ። የደብሩን የክርስትና መዝገብ ስናስፈልግ ደግሞ የበኩር ልጁ ክርስትና አባት እሳቸው ሆነው ተገኙ። የእኛን ሰው ጋዜጣው ሲሞቱ «የአየርላንድ ተወላጅ» ብሎ አልፏቸዋል፤ አበልጃቸው ሲሞቱ ግን ማዮ ካውንቲ ያለ ደብራቸው ሳይቀር ወጥቷል። የሁለቱንም ቤተሰብ እዚያው ደብር መዝገብ ላይ አገኘን፤ ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም።

ስለዚህ የቅድመ አያትየውን ስም ብቻ ይዘሽ አትሩጪ፤ ጎረቤቶቹን፣ ምስክሮቹን፣ አበልጆቹን፣ የሚስቲቱን ወንድሞች ተከተዪ። አይሪሾቹ ተጠራርተው ነው የሰፈሩት። ሆልት ካውንቲ ያለችውን የኦኒልን ከተማ በ1874 የመሠረተው ጆን ኦኒል ሰፋሪ ይመለምል የነበረው ከፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል አካባቢዎች ጭምር ነው። ብዙዎቹም ከመርከብ ወርደው በቀጥታ ሜዳው ላይ አልሰፈሩምና በመካከል የኖሩበት ከተማ ያለ ደብር መንደሩን ጽፎት ሊሆን ይችላል። የደብር መዝገብ ብዙ ጊዜ በላቲን ስለሆነ ጄምስን «ያኮቡስ»፣ ዊልያምን «ጉሊየልሙስ» ብለሽ ፈልጊ። የእናትየውን የአባት ቤት ስም ካገኘሽ ደግሞ ወርቅ በይው፤ ሞክሼዎቹን የሚለይልሽ እሱ ነው።

የ1890 የአሜሪካ ቆጠራ ዋሽንግተን ላይ በ1921 በተነሳ ቃጠሎ ምክንያት ስለጠፋ አትድከሚበት፤ ኔብራስካ በ1885 የራሷን ቆጠራ አድርጋለች። ከ1906 በፊት ያለ የዜግነት ወረቀትም አብዛኛውን ጊዜ «አየርላንድ» ከማለት አያልፍም።

ደብሩን ስታገኚ የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የካቶሊክ መዝገቦቹን ምስል በነፃ አስቀምጧል። ከ1847 እስከ 1864 የተሠራው የግሪፊዝ የመሬት ግምት ደግሞ ማን የትኛውን መሬት ይዞ እንደነበረ ያሳይሻል፤ እሱም በነፃ ነው። የሰፈሩበትን ካውንቲ ብትጽፊልን ደግሞ የትኛው ደብር መዝገብ እንደሚመለከትሽ አብረን እናያለን።