«ለጥቂት አለፈው» ስንል ማን ማንን አለፈ?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን አለፈ፤ ያመጣው ውጤት ከ50 በመቶ ብዙም አይርቅም። እንግሊዝኛው ለዚህ «ስክሬፕ ስሩ» ይላል። አክስቴ «ፈተናው እንዴት ሆነ?» ስትለኝ «ለጥቂት አለፈው» ብዬ ጻፍኩላት። «አይዞህ በሉት፣ ለከርሞ ይሞክራል» አለችኝ። ምን ልበል ኖሯል?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ! አክስትዎ ግን አማርኛ ያውቃሉ። «አለፈው» ልጁ ፈተናውን አለፈ ይሆናል፤ ዕድሉ ልጁን አለፈውም ይሆናል። የግሱ መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» ተሳቢ ናት፤ ማንን እንደምትተካ ግን ብቻዋን አትናገርም። «ለጥቂት»ም አያግዛት። እሱ የሚለካው ርቀቱን ብቻ ነው። ከዘራፊ «ለጥቂት አመለጠ» ደስታ ነው፤ አውቶብሱ «ለጥቂት አመለጠው» ደግሞ ብስጭት። ከጥንትም የለመደው መትረፍና መሳትን ነው።

እንግሊዝኛው በጠባብ ቦታ እየተፋቀ የሚያልፍ ሰው ያሳያል። «ተፍቆ አለፈ» አማርኛ አይሆንም። «ሾልኮ አለፈ» ካሉ ደግሞ ልጁ ኮረጀ ያሰኛል።

እኔ «እንደምንም አለፈ» እላለሁ። ቃሉ «እንደ»፣ «ምን» እና «ም» ነው። «ምንም» ባዶ ማለት ነው፣ ስለዚህ «እንደምንም» እንደ ባዶ ነው የሚሉ አሉ። አልቀበላቸውም። «ምንም የለም» ውስጥ ባዶነቱን ያመጣው «የለም» ነው። «ምንም ቢሆን እመጣለሁ» ሲባል ባዶው የት አለ? ይቺ «ም» የግዕዙን «ኒ» እና «ሂ» ሥራ የያዘች ናት፤ ግዕዙ «ምንትኒ»፣ «ምንትሂ» እንደሚል። «ማንም»፣ «የትም»፣ «መቼም» ቤተሰቦቿ ናቸው። «እንደምንም» እንግዲህ የሆነው ይሁን ብሎ፣ በተገኘው መንገድ ሁሉ ማለት ነው። «እንደምንም ብዬ ደረስኩ» ስንል የምንሰማው ይኸንኑ ነው።

«እሱ ልፋቱን ይናገራል፣ የውጤቱን ጠባብነት ግን አይናገርም» ብሎ የሚሞግተኝ አለ። እውነት አለው። ታሞ ተፈትኖ 90 ያመጣም እንደምንም አለፈ ይባላል። ቢሆንም ምርጫዬን አልለውጥም፤ የልጁን ድካም የሚመሰክርለት ይኸው ቃል ነው።

የዛሬ ተማሪ «ለጥቂት አለፍኩ» ይላል፣ ሰሚውም ይገባዋል። ባልወደውም አጠቃቀሙ ጸንቷል። እርስዎም ከጻፉት «ፈተናውን ለጥቂት አለፈ» ብለው ይጻፉት፤ «ፈተናውን» ከተጻፈ ማን ማንን እንዳለፈ አያከራክርም።