አዲስ የተቀየረ ፍሪሲዮን ደንገጎ ላይ ሲሸት

አንድ የድሬዳዋ አንባቢ ጥያቄ ልኮልኛል። የሚነዳው ባለ ናፍጣ ሃይሉክስ ነው፣ ማንዋል። ከድሬ 30 ከረጢት ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ሐረር ይወጣል። ሲመለስ ከሐሮማያ ድንች ይጭናል። ከአራት ወር በፊት ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያገናኘውን የፍሪሲዮን (ክላች) ዲስክ አስቀይሯል። አሁን ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት አጋማሽ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይስብም። የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። ዳር ይዞ አቁሞ፣ ሻይ ጠጥቶ ሲነሳ ግን ምንም እንዳልሆነ ይሄዳል። መካኒኩ «ዲስኩ ፎርጅድ ነው፣ ሌላ ግዛ» ብሎታል። ልግዛ ወይ? ነው ጥያቄው።

አቦ፣ ቆይ! ገና አትግዛ። ፎርጅድ ሊሆን ይችላል፣ ገበያው ሞልቶታል። ግን አራት ወር ሠርቶ፣ ሲግል ብቻ የሚያስቸግር፣ ሲበርድ የሚድን ፍሪሲዮን ሌላ ነገር እየነገረህ ነው። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) ከማስወረድህ በፊት ከውጭ የሚታይ ነገር አለ።

የፍሪሲዮን በሽታ በጥቅሉ ሁለት ነው። ወይ አይይዝም፣ ወይ አይለቅም። የማይለቅ ከሆነ ማርሽ እምቢ ይላል፣ ሪቨርስ ስታስገባ ይንገጫገጫል። ፔዳሉን ደጋግመህ ስትረግጥ የሚሻለው ከሆነ ደግሞ አየር ገብቷል ወይም ከፖምፓው ዘይት እያፈሰሰ ነው። ያንተ ይሄ አይደለም። ያንተ አይይዝም፣ ይንሸራተታል። ሁለቱን ቀላቅሎ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ የሚቀይር ብዙ ነው።

መጀመሪያ እርግጠኛ ሁን። ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው ሜዳ መንገድ ላይ፣ መኪና በሌለበት ሰዓት፣ በ50 አካባቢ እየሄድክ አራተኛ አስገባና ነዳጁን እስከ ታች ርገጥ። የሞተሩ ድምፅ ሽቅብ ሄዶ ፍጥነቱ ባለበት ከቀረ፣ ተንሸራቷል። ይህን ጠዋት በብርዱ፣ ባዶ መኪና ላይ ብትሞክረው ላያሳይህ ይችላል። ጭነት ይዘህ፣ ሞተሩ በደንብ ሲግል ሞክረው። ደግሞ አንዴ ይበቃል። በሞከርከው ቁጥር ዲስኩን እየጠበስከው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ለምን ይድናል? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ የጋለ ዲስክ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አያየውም። የሃይሉክስ ፍሪሲዮን የሚሠራው በዘይት ነው። ፔዳሉ የላይኛውን ፖምፓ ይገፋል፣ ዘይቱ የታችኛውን ይገፋል፣ እሱ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ያላቅቃል። እግርህን ስታነሳ ዘይቱ በላይኛው ፖምፓ ውስጥ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ ዘይት ዕቃው መመለስ አለበት። ያቺ ቀዳዳ ከተዘጋች፣ ሙቀት ሲመጣ ዘይቱ ይሰፋል፣ መሄጃ ግን የለውም። ስለዚህ የታችኛውን ፖምፓ ይገፋል። ማንም ሳይረግጠው ፍሪሲዮኑ በትንሹ የተረገጠ ይሆናል። ከድሬ ከ1,200 ሜትር አካባቢ ተነስተህ በዚያ ጠመዝማዛ ወደ 2,000 ሜትር ስትወጣ፣ በዚያ ጭነት፣ በዚያ ሙቀት፣ ሌላ ምን ትጠብቃለህ?

ቀዳዳዋን የሚዘጋት አብዛኛውን ጊዜ ከፔዳሉ ጀርባ ያለው ዘንግ ነው። ዲስክ የቀየረው ሰው ፔዳሉን «ላስተካክልልህ» ብሎ ዘንጉን አጥብቆት ሊሆን ይችላል። በእጅህ እየው። ፔዳሉን በጣትህ ቀስ ብለህ ስትገፋው፣ ከመክበዱ በፊት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ በቀላሉ መሄድ አለበት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ከባድ ከሆነ ነገሩ እዚያው ነው።

ማረጋገጫው ይኸውልህ። ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ሲጀምር ሜዳ ቦታ ላይ አቁም። ሞተሩን አጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማው ላይ ድንጋይ አድርግ። ፔዳሉን ማንም አይንካ። የታችኛው ፖምፓ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ኒፕል በጨርቅ ሸፍነህ ግማሽ ዙር ፍታት። ፊትህን አርቅ፤ ዘይቱ ይግላል፣ ማርሚታውም (የጭስ ማውጫው) ቅርብ ነው። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ከወጣ ግፊት ታምቆ ነበር ማለት ነው። ወዲያው እሰራትና ንዳው። አሁን ከያዘልህ ጥፋቱ የዲስኩ አይደለም። ዘንጉን ላላ አድርገው። ካልተስተካከለ ከላይኛው ፖምፓ ወደ ታች የሚወርደው የጎማ ቱቦ ከውስጥ አብጦ ሊሆን ይችላል፣ ቀይረው።

የዘይት ዕቃውንም ክፈተው። እዚያ የሚገባው የፍሬን ዘይት ብቻ ነው፣ ዶት 3። አንዳንዱ ሲቸግረው የሞተር ዘይት ይጨምርበታል። ጎሚኒዎቹ (የፖምፓዎቹ የውስጥ ጎማዎች) ያብጣሉ፣ ከዚያ ቀዳዳዋም ትዘጋለች። የክዳኑ ጎማ አብጦ ከቦታው አልገባም ካለ ይህ ሆኗል። ያን ጊዜ ዘይት መቀየር ብቻ አይበቃም፣ ጎሚኒዎቹም ሁሉ ይቀየራሉ።

ኒፕሏ ስትፈታ ዘይቱ ጠብ ጠብ ብቻ ካለ፣ ከመኪናው ሥር ግባ። ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ከታች በኩል እርጥብ ነው? በጣትህ ንካና አሽትተው። ድኝ የሚሸት ወፍራም ዘይት ከሆነ የካምቢዮ ነው። ጥቁርና ቀጭን ከሆነ የሞተር ነው። የሁለቱም ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) እዚያ አካባቢ ነው ያለው። ዘይት እየጠጣ ያለ ዲስክ ደግሞ ኦርጅናሉን ብታስገባለትም አይይዝም።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ያኔ ካምቢዮው ይውረድ። ስታስወርድ አጠገቡ ቁም። የወጣውን ዲስክ አይጣሉብህ፣ ምስክርህ እሱ ነው። ቮላኖውን (ዲስኩ የሚጣበቅበትን የሞተሩን ከባድ ክብ ብረት) እይ፤ ሰማያዊ ጠቃጠቆ ወይም ስንጥቅ ካለው በጣም እንደጋለ መልኩ ነግሮሃል። ጠቃጠቆ ብቻ ከሆነ ቶርኖ ቤት ይላጥ፣ ስንጥቅ ካለው ይቀየር። ባለፈው ዲስክ ብቻ ነው የተቀየረው ብለሃል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዲስኩን የሚጫነው ፕሌት ሞላው ከደከመበት አዲሱንም ዲስክ አይጫነውም። ደግሞ ለማውረድ የምትከፍለው ያው ነው። ዲስኩ፣ ፕሌቱና ኩሽኔታው (ስትረግጥ ፕሌቱን የሚገፋው ቤሪንግ) አንድ ላይ ይቀየሩ። አቧራውን በኮምፕረሰር እንዳይነፉት፣ ለሳንባ ክፉ ነው። እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

ስለ ጭነቱ ዝም ብል ደግሞ ደስ አይለኝም። 30 ከረጢት በ50 ኪሎ 1,500 ኪሎ ነው። ሃይሉክስ የተሠራው ለ1 ቶን ገደማ ነው። ዳገት ላይ ስትቆም መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥለህ አትያዘው፣ የእጅ ፍሬን ለዚህ ነው የተሠራው። ኩርባ ሳትደርስ ማርሽ ቀንስ። ገብተህ ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ፍሪሲዮን ረግጠህ ነዳጅ መስጠት ዲስክ መጥበስ ነው።

እስክታስተካክለው ድረስ ሽቅብ እየወጣህ መንሸራተት ከጀመረ ነዳጅ ቀንስ፣ ዳር ያዝ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርገህ እግርህን ከፔዳሉ አንሳ፣ ግማሽ ሰዓት ይብረድ። ውኃ እንዳትደፋበት።

አዲስ ከገጠምክ ደግሞ የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር እዚያው ድሬ ውስጥ ከሳቢያን ከዚራ እያልክ ባዶውን ንዳው። ሲሚንቶውን ለዚያን ጊዜ ሌላ ሰው ያውጣልህ።