መልስ፦ የአሜሪካ ፖሊስ ለምን ወደ 9 ሚሊሜትር ተመለሰ?

ወንድሜ፣ «ትልቅ ጥይት እያለ ለምን ወደ ትንሿ ተመለሱ?» ላልከው፣ ነገሩ የሚጀምረው ማያሚ ላይ ነው። ኤፕሪል 11 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. የኤፍቢአይ (የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ) ወኪሎች ከሁለት ዘራፊዎች ጋር ተታኮሱ። ሁለት ወኪሎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። አንደኛው ዘራፊ በ9 ሚሊሜትር (ቁጥሩ የጥይቷን ውፍረት ይነግራል) ተመትቶ ነበር። ጥይቷ ክንዱን በስታ ደረቱ ውስጥ ገባች፤ ልቡ ጋ ሳትደርስ ግን ቆመች። ሰውየው መተኮሱን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ ኤፍቢአይ ጥይት የሚመርጠው በወሬ ሳይሆን በፈተና ነው። ሥጋን በሚተካ ጄላቲን ላይ ይተኮሳል፤ ፊት ለፊቱ ወፍራም ልብስ፣ ጣውላ፣ ቆርቆሮ፣ የመኪና መስታወት እየተደረገ። ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር መግባት አለባት። ከ46 ካለፈች ደግሞ ከኋላ ላለ ሰው ታሰጋለች።

መጀመሪያ 10 ሚሊሜትር ሞከሩ፤ ሲተኮስ እጅ ላይ ከበደ። ኃይሉ ሲቀነስ በ1990 ፎርቲ ካሊበር የሚባለው ጥይት ተወለደ፤ ብዙ ፖሊስም ተቀበለው።

በመሃል ግን የ9 ሚሊሜትር ጥይት አሠራር ተሻሻለና ፈተናውን አለፈ። ኤፍቢአይም ወደ 9 ሚሊሜትር ተመለሰ፣ በ2016 ለሽጉጥ አምራቹ ለግሎክ ውል ሰጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አብዛኛው ወኪል በ9 ሚሊሜትር ፈጥኖም አነጣጥሮም ይተኩሳል፣ የሽጉጡ ካዝና ብዙ ጥይት ይይዛል፣ ሽጉጡም ቶሎ አያረጅም። ሰው ስለ ሽጉጥ ብራንድ ሲጨቃጨቅ ይገርመኛል። መሥሪያ ቤት የሚገዛው ለአንድ አልሞ ተኳሽ አይደለም፤ እጇ ትንሽ ለሆነችውም፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚለማመደውም ነው።