ጊታሩን የሚያሰሙት ሌሎቹ ናቸው

ይድረስ የጥንቱን ጊታር ከፍሉት፣ ከቫዮሊንና ከቼሎ ጋር ለመጫወት ለተነሣችሁ ልጆቼ፤

በየቡድኑ አንድ ቅሬታ አይጠፋም፤ «ጊታሩ አይሰማም» ይባላል። ጊታር ተጫዋቹም እጁን ያከብዳል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ችግሩ ግን ባለበት ይቀራል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የእሱ አይደለምና ነገሩን ከሥሩ እንየው።

የማወራችሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1800 እስከ 1840 ገደማ በቪየና፣ በፓሪስና በኔፕልስ ይሠራ ስለነበረው ባለ ስድስት አውታር ጊታር ነው። የቪየናው ሽታውፈርና የፓሪሱ ላኮት የሠሯቸውን ዛሬም ባለሙያዎች አስመስለው ይሠራሉ። ሆዱ ጠባብ፣ እንጨቱ ስስ፣ የአውታሩ ርዝመት ወደ 63 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ነው። አሁን የለመድነውን ሰፊ ጊታር መልክ ያስያዘው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የዘመኑ የሙዚቃ ደራሲ ጁሊያኒ ለፍሉትና ለጊታር ሲጽፍ፣ ፓጋኒኒም 15 ኳርቴቶቹን ለቫዮሊን፣ ለቪዮላ፣ ለጊታርና ለቼሎ ሲደርስ፣ በጆሯቸው የነበረው ያ ትንሹ ጊታር ነው።

ከአውታሩ እንጀምር። በገና የደረደረ ሰው የአንጀትን ጠባይ ያውቀዋል። የዚህ ጊታር ሦስቱ ቀጫጭን አውታሮች አንጀት ናቸው፤ ሦስቱ ወፋፍራሞች ደግሞ ሐር ላይ የብር ወይም የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመባቸው። ላ የሚባለው የመቃኛ ድምፅ በ430 ኸርዝ (በሰከንድ 430 ርግብግቢት) ከተቃኘ የመጀመሪያው አውታር ውፍረት 0.62፣ ሁለተኛው 0.78፣ ሦስተኛው 0.98 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን። ያኔ የእያንዳንዱ ውጥረት ከ6 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ለዘመናዊ ጊታር የተሠራ ጠንካራ ናይለን ብትጭኑበት ግን ስሱ የፊት ገበታ ይጎብጣል፣ አውታሮቹ የሚታሰሩበት ብሪጅም ሊነቀል ይችላል። ልዩነቱን በደንብ የምትሰሙት ሦስተኛው አውታር ላይ ነው። ናይለን ቀላል ስለሆነ ያንን ድምፅ ለመስጠት መወፈር አለበት፤ ሲወፍር ደግሞ ይደነዝዛል። አንጀት ከናይለን ስለሚከብድ ቀጥኖ ያንኑ ድምፅ ይሰጣል፣ ጥርት ብሎም ይሰማል። አንጀት መግዛት ከከበዳችሁ የጣሊያኑ አኩዊላ የሚሠራው ናይልጋት የሚባለው ሰው ሠራሽ አንጀት ይበቃችኋል፤ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲያውም እሱን እመርጥላችኋለሁ።

አንጀት ከማሰራችሁ በፊት ፈትኑት። ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጃችሁ ወጥራችሁ በአንድ ጣት ንኩት። ሲርገበገብ ሁለት ጥርት ያሉ መስመሮች ካሳያችሁ ውፍረቱ እኩል ነው። እንደ ጭጋግ ከተበታተነባችሁ ግን አንዱ ጎኑ ወፍሯል ማለት ነው፤ ክፍቱን (በጣት ሳይያዝ) ብትቃኙት እንኳ በጣት ገበታው ላይ በተደረደሩት ዘንጎች፣ በፍሬቶቹ ላይ፣ ስትጫኑት ይስታል። ያንን አውታር ማስተካከያ የለውምና ጣሉት። አዲስ አንጀት እስኪረጋ ቀናት ስለሚፈጅ በኮንሰርቱ ዋዜማ አትቀይሩ። ጸጉር ሲያወጣ በጥፍር መቁረጫ ከሥሩ ቁረጡት እንጂ አትሳቡት፤ ከተሳበ ፈትሉ እየተፈታ ይሄዳል። እርጥበትም ቅኝቱን ስለሚያናጋው ጊታሩ ከዝግጅቱ 40 ደቂቃ ቀድሞ አዳራሹ ውስጥ ይቀመጥ።

ስለ ጥፍር አትጨቃጨቁ። ከዘመኑ ታዋቂ ጊታር ተጫዋቾች ሶር ያለ ጥፍር፣ አጉዋዶ በጥፍር ነበር የሚጫወቱት፤ ሁለቱም አብረው ተጫውተዋል። በጥፍር የምትጫወቱ ከሆነ ግን ጠርዙ እንደ መስታወት ይለስልስ፣ ሻካራ ጥፍር አንጀትን ይበላዋል።

ከፍሉት ጋር ስትቃኙ አትቸኩሉ። የእንጨት ፍሉት ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፣ በትንፋሽ ሲሞቅ ይወጣል። አሥር ደቂቃ ያህል ከተነፋ በኋላ ላ ይስጥ፤ ጊታሩም የመጀመሪያውን አውታር አምስተኛ ፍሬት ላይ ይዞ ያስተያየው። ሳይሞቅ የተቃኘ ቡድን ገና ሁለተኛው ክፍል ላይ ይለያያል። በጨዋታው መሃል የአንጀቱን ቅኝት ወደ ላይ ለማውጣት ማክረር ደግሞ ለብጥስ መጋበዝ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታው። የጊታር ድምፅ እንደተመታ ጎልቶ ወዲያው ይከስማል። የቫዮሊንና የፍሉት ድምፅ ግን ተጫዋቹ እስከፈለገው ድረስ ይቆያል። ስለዚህ ጊታሩ የሚሸፈነው ድምፁ ሲነሳ ሳይሆን ሲከስም ነው። መድኃኒቱም በሌሎቹ እጅ ነው፤ ረጅም ድምፅ ሲይዙ መነሻውን ሰጥተው ወዲያው ያሳንሱት። ቫዮሊኑ ቀስቱን ወደ ጣት ገበታው ያስጠጋ፣ በጣቱ ድምፁን ማርገብገቡንም ለጌጥ ብቻ ያስቀምጠው። ከሁሉም በላይ የሚሸፍነው ቼሎው ነው፤ በያኔው ወግ መሬት የሚነካ እግር ሳይኖረው በጉልበት መሃል ይያዛል። የጊታሩን ባስ (ወፍራሙን የታች ድምፅ) አብሮ ሲጫወት የተጻፈለትን የድምፅ ርዝመት ሙሉ ከያዘ የጊታሩ ባስ ተዋጠ ማለት ነው። ግማሹን ይዞ ይልቀቅ።

ጊታር ድምፆቹ ተራ በተራ ብትንትን ተደርገው የሚመቱበት ኮርድ (ጥምር ድምፅ) ሲኖረው ምቱ የቱ ላይ እንደሚያርፍ ቀድማችሁ ተስማሙ። እኔ ዝቅተኛው ድምፅ ከቼሎው ጋር እንዲወድቅ እመክራለሁ። ካልተስማማችሁ ግን ሁሉም ትክክል እየተጫወተ ቡድኑ የተበላሸ ይመስላል።

የዘመኑ ኅትመት ብዙ ጊዜ በየመሣሪያው ተነጣጥሎ ነው የወጣው። ፍሉቱ ላይ «ፒያኖ» (በቀስታ) ተብሎ ጊታሩ ላይ ምንም አይጻፍም። ኮፐንሀገን ያለው የዴንማርክ ሮያል ቤተ መጻሕፍት የሪሸልንና የቢርኬት-ስሚዝን የጊታር ስብስቦች በኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። ከዚያ አውርዳችሁ ሁሉንም መስመር በአንድ ገጽ ላይ በእጃችሁ ጻፉ፤ የጎደለውን ምልክት ያኔ ታዩታላችሁ።

በልምምድ ጊዜ ከእናንተ ውጭ የሆነ አንድ ሰው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ የጊታሩን ባስ አብሮ ያንጎራጉር። ከጠፋበት ቼሎው ገና ድምፁን እያስረዘመ ነውና እንደገና ከላይ ጀምሩ።