«መርዛማ መሆኑ» ወይስ «መርዛማ መሆን አለመሆኑ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሽንት አላስቀምጥ ለሚላቸው ሰዎች የሚታዘዘውን የኦክሲቡቲኒን መግለጫ ወደ አማርኛ ስመልስ «መድኃኒቱ ለአይጥ መርዛማ መሆኑ ለ24 ወራት ተመርምሯል» ብዬ ጻፍሁ። አክስቴ አነበቡትና «ኧረ ልጄ፣ የአይጥ መድኃኒት ልታበይኝ ነው?» ብለው ክኒኑን መለሱልኝ። «መርዛማ» የሚለውን ላውጣው? «ፊኛ» ያልሁትንስ ልጆች የሚነፉት ይመስልብኝ ይሆን?

መልስ፦ አክስትዎ የተጻፈውን በትክክል ነው ያነበቡት። «መርዛማ»ን ማውጣት ብቻውን አያድንዎትም፤ ጥፋቱ ያለው «መሆኑ» ላይ ነው። «በሬው መታመሙን አየሁ» ያለ ገበሬ በሬው ታሟል ማለቱ ነው። ገና ሊያጣራ የሚሄድ ሰው ግን «መታመም አለመታመሙን ልይ» ወይም «ታሞ እንደሆነ ልይ» ይላል። «መርዛማ መሆኑ» ሲሉ ነገሩ አስቀድሞ ያለቀለት ይመስላል፤ ከኋላው «ተመርምሯል» ቢከተልም ለአንባቢው «ተረጋግጧል» ከማለት ብዙ አይርቅም። ልማዱ የመጣብን ከቢሮ አማርኛ ይመስለኛል። «የሰነዱ ትክክለኛ መሆኑ ይጣራ» የሚል ደብዳቤ ያልጻፈ ሠራተኛ የት አለ? እዚያስ ክኒን የሚመልስ ስለሌለ ያልፋል።

ሁለተኛው ጣጣ «የ» ናት። የከብት መድኃኒት ከብቱን ያድናል፤ የአይጥ መድኃኒት አይጡን ይገድላል። ሰምና ወርቅ ለዋሸራ ቅኔ ያምርበታል፣ ለመድኃኒት ወረቀት ግን አይሆንም። ስለዚህ «አይጥ»ንና «መድኃኒት»ን ባያቀራርቡ ይሻላል። ደግሞም ጥናቱ የተደረገው በትልቁ ዓይነት፣ በአይጠ መጎጥ ስለሆነ ስሙን ሙሉውን ይጻፉ።

ከሁሉም የገረመኝ ውጤቱን መተውዎ ነው። ያ የ24 ወራት ጥናት ያጣራው መድኃኒቱ ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ነው፤ «መርዛማ» ለእሱ ይሰፋበታል። አዲስ መድኃኒት ለሰው ከመሰጠቱ በፊት በሁለት ዓይነት እንስሳት፣ አንዱ ከአይጥ ወገን፣ ሌላው ብዙውን ጊዜ ውሻ፣ ጉዳት ያደርስ እንደሆነ ለሚታይበት ምርመራ «የመርዛማነት ምርመራ» ቢባል ግን አልቃወምም። ከዚያ የሚገኘውንም ልክ «ጉዳት ያልታየበት ከፍተኛ መጠን» ማለት ይበቃል። የእርስዎን ዓረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«መድኃኒቱ ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ለማወቅ ለአይጠ መጎጦች በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው 20፣ 80 ወይም 160 ሚሊ ግራም እየተሰጠ ለ24 ወራት ተጠንቷል። ካንሰር እንደሚያመጣ የሚጠቁም ነገር አልታየም።»

ታዲያ 160 የሚለው ቁጥር አክስትዎን ዳግም እንዳያስደነግጣቸው፣ በአካል ገጽ ስፋት ሲሰላ ለሰው ከሚሰጠው ከፍተኛ መጠን 50 እጥፍ ገደማ እንደሆነ ይጨምሩበት። ያን ያህል የሚሰጠው ጉዳት ካለ እንዳይደበቅ ተብሎ ነው።

«ፊኛ»ን አይንኩት። የታረደ በሬ ፊኛ ነፍቶ ያልተጫወተ የጎጃም ልጅ ጥቂት ነው። ከሰጉም «የሽንት ፊኛ» ይበሉት።