«ስኮሩ ስንት ነው?» ተብሎ ለተጠየቀው ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ቡና መላክ የጀመርኩበት ዓመት ትዝ አለኝ። የውጭ ገዢ «ስኮሩ ስንት ነው?» አለህ። አንተ «ግሬድ 2» አልከው። እሱ ያንኑ ጥያቄ ደገመልህ። ቡናህን ማጣጣሉ አይደለም፤ የጠየቀህ ሌላ ነገር ነው።

ግሬድ እኛ አገር ቡናው ሲመረመር የሚወጣለት ደረጃ ነው። ጥሬው ይታያል፣ እንከኑ ይቆጠራል፣ ይቀመሳልም። እዚህ ትንሹ ቁጥር ነው የሚሻለው፤ 1 ከ2 ይበልጣል። ስኮር ግን ከ100 የሚታሰብ የቅምሻ ነጥብ ነው። 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ስፔሻሊቲ ይባላል። ሁለት ግሬድ 1 ቡናዎች አንዱ 84፣ ሌላው 88 ሊያመጡ ይችላሉ። የዋጋው ልዩነትም እዚያ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን በለመድነው የቅምሻ ፎርም ቀማሹ 10 ነገር ይመዝናል፤ ሽታውን፣ ጣዕሙን፣ አሲዱን፣ ከተዋጠ በኋላ አፍ ላይ የሚቀረውን፣ ሌላም ሌላም። ከአንድ ናሙና 5 ስኒ ይቀርባል። አንዱ ስኒ ከሌሎቹ ከተለየ ለብቻው ነጥብ ያስቀንሳል። ያልበሰለ እሸት ከቀዩ ጋር ሲደባለቅ የሚጎዳን ለዚህ ነው። ለቀማው ላይ ጠንከር በል።

እኔን ያስከፈለኝ ሌላ ነው። ናሙናውን ያወጣሁት ከአንድ ጆንያ ብቻ ነበር። የእኛ ቀማሽ 87 ሰጠው፤ እኔም 87 ብዬ ጻፍኩ። ቡናው ሲደርስ የገዢው ቀማሽ 84 ተኩል አገኘ። ዋጋው ወረደ፣ የገዢው እምነት እስኪመለስ ደግሞ ሁለት ዓመት ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ናሙና የማወጣው ከብዙ ጆንያ ቀላቅዬ ነው።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ፦ «ዚስ ኮፊ ስኮርድ 86» ማለት ይህ ቡና 86 አገኘ ማለት ነው። ትክክል ነው፤ ማን እንደሰጠው ግን አይናገርም። «አወር ካፐር ስኮርድ ኢት 86» ብትል ይሻላል፤ ቀማሻችን 86 ሰጠው ማለት ነው። የተቀመሰበትን ቀንም ጨምርበት። «86 ግሬድ» ብለህ ግን እንዳትጽፍ፤ ሁለቱን ያምታታል።

ቡናህ ገና ካልተቀመሰ ቁጥር አትገምት። «ኖት ስኮርድ ዬት» ብለህ ጻፍለት፤ ገና ነጥብ አልተሰጠውም ማለት ነው። ናሙና ልላክልህ ወይ ብለህም ጠይቀው። ለዚህ መልስ የተቆጣ ገዢ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።